ሱቅ ውስጥ የቀረው ቀሚስ፦ የ1974ቱ የቻይና «ብሔራዊ ልብስ»

ጉዳዩ

በ1974 ቻይና ውስጥ አንድ አዲስ የሴቶች ቀሚስ ወጣ። ከኋላው የቆመችው የሊቀ መንበር ማኦ ዜዱንግ ባለቤት ጂያንግ ቺንግ ነበረች። ሐሳቡ ለቻይና ሴት ሁሉ የሚሆን ብሔራዊ ልብስ ማውጣት ነው። የቲያንጂን ከተማ ልብስ ሰፊዎች ሠሩት። ሱቆች እንዲሸጡት ተደረገ። ካድሬ ሴቶች እንዲለብሱት ግፊት መጣ። ሰፊው ሕዝብ ግን ፊት አልሰጠውም። ከሁለት ዓመት በኋላ ጂያንግ ቺንግ ስትታሰር ቀሚሱም አብሯት ጠፋ።

ስለ ዘመናዊ የቻይና ልብስ ሲወራ ብዙ ጊዜ የሚነገረው ታሪክ አጭር ነው። መንግሥት «ይህን ልበሱ» አለ፣ ሕዝቡ ለበሰ። ሰማያዊ ኮት የለበሰ ሕዝብ አደባባይ ሞልቶ የሚታይባቸው ፎቶዎችም ይህን የሚያረጋግጡ ይመስላሉ። የ1974ቱ ቀሚስ ግን ነገሩ እንደዚያ ቀላል እንዳልነበረ ያሳያል። ያኔ ጂያንግ ቺንግ ከአገሪቱ ኃያላን አንዷ ነበረች። መድረክ ላይ የሚታየውን ኦፔራና ሲኒማ ቤት የሚገባውን ፊልም የምትወስነው እሷ ነበረች። አንድ ቀሚስ ማስለበስ ግን አቃታት። ለምን እንዳቃታት በደንብ ማየት ያስፈልጋል።

በስም የምጠራው በአደባባይ የሚታወቁ መሪዎችን ብቻ ነው። የሰፉት፣ የሸጡት፣ አይተው ያለፉት ሰዎች ሳይጠሩ ይቆዩ። ዓመቶቹ፣ ወሮቹና ቀኖቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ዳራ፦ ከሹሩባ እስከ ኩፖን

በቻይና ልብስና ፖለቲካ የተጋቡት ከኮሚኒስቶቹ በፊት ነው። ከሰሜን ምሥራቅ መጥተው አገሪቱን የያዙት ማንቹዎች በ1645 ወንዶች ግንባራቸውን ተላጭተው ከኋላ አንድ ረጅም ሹሩባ እንዲያሳድጉ አዘዙ። እምቢ ያለ ይገደል ነበር። የ1911 አብዮት የማንቹዎቹን ሥርወ መንግሥት ሲጥል ሹሩባን መቁረጥ የአዲሱ ሪፐብሊክ ምልክት ሆነ። ስለዚህ አንድ ቻይናዊ ጠዋት ልብሱን ሲለብስ «ከማን ወገን ነህ?» የሚል ጥያቄ እየመለሰ እንደሆነ ያውቅ ነበር።

ሪፐብሊኩ የራሱን ልብስ ፈለገ። ለወንዶች የወጣው በሪፐብሊኩ መሥራች በሱን ያት ሰን ስም የሚጠራው የዦንግሻን ኮት ነው። የተዘጋ ኮሌታ፣ አራት ኪስ፣ ከፊት አምስት ቁልፍ አለው። እየቆየ ትርጉምም ተሰጠው። አራቱ ኪሶች አራት ምግባሮች ናቸው ተባለ፤ አምስቱ ቁልፎች ደግሞ አምስቱ የመንግሥት አካላት። ሱን በ1925 ከሞተ በኋላ ኮቱ ይበልጥ ተስፋፋ። ዛሬ የውጭ ሰው «የማኦ ኮት» የሚለው ይኸው ነው።

ለሴቶች ቺፓዎ መጣ። አንገቱ ቀጥ ያለ፣ በጎን የሚቆለፍ ቀሚስ ነው። በ1920ዎቹ ሻንጋይ ውስጥ የተማሩ ሴቶች ለበሱት። መጀመሪያ ሰፊ ነበር፤ ከዓመት ዓመት ከሰውነት ጋር እየተጣበቀ ሄደ። የ1929 የአለባበስ ደንብም ተቀበለው። ልብ በሉ፣ ደንቡ የመጣው ሴቶቹ ከለበሱት በኋላ ነው። መንግሥት የሠራው ነገር ቢኖር መንገድ ላይ የነበረውን ልብስ ማጽደቅ ነው።

በ1949 ኮሚኒስቶቹ ከገጠር ወደ ከተማ ሲገቡ የጥጥ ዩኒፎርማቸውን ይዘው ገቡ። «ሁሉም ሰው ሰማያዊ ይልበስ» የሚል አዋጅ አልወጣም። ሰዉ ራሱ ቀየረ። ቺፓዎና ሱፍ ልብስ የሀብታም ምልክት ሆነ፤ የሀብታም ምልክት ደግሞ አደጋ ነበር። ሴቶች ደረቱ ላይ ሁለት ረድፍ ቁልፍና ወገቡ ላይ ቀበቶ ያለውን «የሌኒን ኮት» ለበሱ። ከሶቪየት ኅብረት ጋር ፍቅሩ ሲደምቅ ቡላጂ የሚባል አበባማ የሩሲያ ቀሚስ ገባ። በ1955 እና 1956 ባለሥልጣናቱ ራሳቸው «ሰዉ በጣም ደበዘዘ» ብለው ሴቶች ቀለም ያለው ልብስ እንዲለብሱ መቀስቀስ ጀመሩ፤ ቤይጂንግ ውስጥም የልብስ ኤግዚቢሽን ተደረገ። በ1957 ግን ፓርቲውን የተቹ ሰዎች የተመቱበት የፀረ ቀኝ ዘመቻ መጣ። ያኔ አበባማ ቀሚስ ለብሶ መታየት ያስፈራ ጀመር። ይህ የመጀመሪያው ትምህርት ነበር። ዛሬ ከላይ የተፈቀደ ነገር ነገ ሊያስከስስ እንደሚችል ሕዝቡ ተማረ።

ሌላው የዳራው ክፍል ጨርቅ ነው። በኔ እይታ ከፖለቲካው መፈክር ሁሉ ይበልጥ ልብሱን የቀረፀው ይህ ነው። በ1954 መንግሥት የጥጥ ጨርቅ ግዢና ሽያጭን ጠቅልሎ ያዘና ጨርቅ በኩፖን ሆነ። ገንዘብ ቢኖርህም ኩፖን ከሌለህ ጨርቅ አትገዛም። የኩፖኑ መጠን ከቦታ ቦታና ከዓመት ዓመት ይለያያል። ታላቁ ዝላይ የተባለው የምርት ዘመቻ ካስከተለው ረሃብ በኋላ በነበሩት ዓመታት ግን በብዙ ቦታ ለአንድ ሰው የሚደርሰው ጨርቅ አንድ ሙሉ ልብስ አያሰፋም ነበር። በደርግ ዘመን የቀበሌ ራሽን ካርድ ይዞ የተሰለፈ የአገራችን ሰው ነገሩን ያለ ብዙ ማብራሪያ ይረዳዋል።

በዚህ ጊዜ የተለመደ አባባል ነበር፦ «ሦስት ዓመት አዲስ፣ ሦስት ዓመት አሮጌ፣ ተጠግኖ ደግሞ ሌላ ሦስት ዓመት።» የታላቅየው ልብስ ለታናሽየው ይተላለፋል። ጥቁር ሰማያዊና ግራጫ ቆሻሻም መጣፊያም ስለሚደብቁ ይመረጣሉ። በሻንጋይ ደግሞ የውሸት ኮሌታ ተፈለሰፈ። የሸሚዝ አንገትና የደረቱ የላይኛው ክፍል ብቻ ተሰፍቶ ከሹራብ ሥር ይለበሳል። ከላይ ሲታይ ንጹሕ ሸሚዝ የለበስክ ትመስላለህ፤ ከታች ምንም የለም። ትንሽ ጨርቅ፣ ትንሽ ኩፖን፣ ግን አምሮ መውጣት። ይህን የውሸት ኮሌታ በጣም እወደዋለሁ። ሰዎቹ አለባበስ ግድ አልነበራቸውም የሚለውን ሐሜት ብቻውን ያፈርሳል።

ችግሩ

በነሐሴ 1966 ማኦ የቀሰቀሰው የባህል አብዮት ወጣት ተከታዮች፣ ቀይ ዘቦች የሚባሉት፣ ቤይጂንግ ላይ ወጡ። ማኦ ራሱ በነሐሴ 18 ቲያንአንመን አደባባይ ላይ የተቀበላቸው የወታደር ልብስ ለብሶ ነው። «አራቱን አሮጌ ነገሮች እናጥፋ» (የድሮ ሐሳብ፣ ባህል፣ ልማድና ወግ ማለታቸው ነው) ብለው መንገድ ላይ ጠባብ ሱሪ በመቀስ ቀደዱ፣ ሹል ጫማ አስወለቁ፣ ረጅም ጸጉር ቆረጡ። ወጣቱ ያረጀ የአባት ወታደራዊ ልብስ ከነቀበቶው ይመኝ ነበር። ሠራዊቱ በ1965 ማዕረግ ስላስቀረ የጄኔራሉም የተራው ወታደርም ልብስ እምብዛም አይለይም። ስለዚህ ያ ልብስ በእኩልነትም በኃይልም የተሞላ ነበር።

ለዚህ ጉዳይ ዋናው ክስተት የተፈጸመው ግን ሚያዝያ 10 ቀን 1967 ነው። የፕሬዚዳንቱ የሊዩ ሻዎቺ ባለቤት ዋንግ ጓንግሜይ በ1963 ከባሏ ጋር ኢንዶኔዢያን ስትጎበኝ ቺፓዎ ለብሳ ነበር። በቺንግዋ ዩኒቨርሲቲ ቀይ ዘቦች አወጧትና የሚጨንቅ ጠባብ ቺፓዎ በግድ አለበሷት። አንገቷ ላይ በፒንግ ፖንግ ኳስ የተሠራ የአንገት ሐብል አንጠለጠሉባት። ብዙ ሺህ ሰው ፊት አዋረዷት። ጂያንግ ቺንግ በዋንግ ጓንግሜይ አለባበስ ላይ ቂም እንደያዘች የታወቀ ነበር፤ ዘመቻውንም አቀጣጥላለች።

ከዚያ ቀን ወዲያ ቺፓዎ ልብስ መሆኑ ቀረ። የክስ ማስረጃ ሆነ። ቤት ውስጥ የነበረው ተቀደደ፣ ተቃጠለ፣ ወይም ተፈትቶ የልጅ ልብስና የብርድ ልብስ ገበር ሆነ።

በ1970ዎቹ መጀመሪያ ሁኔታው መለወጥ ጀመረ። በ1971 የአሜሪካ የፒንግ ፖንግ ተጫዋቾች መጡ። በየካቲት 1972 ፕሬዚዳንት ኒክሰን ቤይጂንግ ገባ። የውጭ እንግዳ በዛ፤ ወደ ውጭ የሚላክ ልዑክም እንዲሁ። ወንዶቹ የዦንግሻን ኮታቸው አለላቸው። ሴቶቹስ? በግብዣ ላይ የሚለብሱት ያው ኮትና ሱሪ ነው። ቺፓዎ ተረግሟል። የሩሲያው ቀሚስ ከሶቪየት ጋር ከተጣሉ ወዲህ አይነሳም። የምዕራብ ቀሚስ አይታሰብም። ቦታው ባዶ ነበር። ባዶ ያደረጉት ደግሞ ጂያንግ ቺንግና ጓዶቿ ናቸው። አሁን መሙላት ፈለገች።

የተወሰዱ እርምጃዎች

ጂያንግ ቺንግ ፖለቲካ ውስጥ ሳትገባ በ1930ዎቹ ሻንጋይ ውስጥ ላን ፒንግ በሚል ስም የምትሠራ ተዋናይት ነበረች። ስለ ልብስ ታውቃለች። መድረክ ላይ አንድ ኮሌታ ምን እንደሚናገር የገባት ሰው ናት።

የመረጠችው ወደ ጥንት መመለስ ነው። ማንቹዎች ከመምጣታቸው በፊት የነበረውን የታንግና የሶንግ ዘመን አለባበስ ተመለከተች። ከዚያ ኮሌታው ተወሰደ። ደረት ላይ ተደራርቦ የሚሻገር፣ በነጭ ጠርዝ የተከበበ። ከወገብ በታች ሽንሽን ሆነ፤ ርዝመቱ ከጉልበት ወረድ ይላል። ቀለሙ አንድ ወጥ ነው። ከላይ ጥንታዊ፣ ከታች የዘመኑ ቀሚስ ማለት ነው። በንድፍ ደረጃ ሐሳቡ ሞኝነት አይደለም። ቺፓዎ የማንቹ ትዝታ አለበት የሚል ክርክር በቻይና የቆየ ነው፤ ዛሬም ይነሳል።

ሥራው የተሰጠው ለቲያንጂን ነው። ልብስ ሰፊዎች ናሙና ሠሩ፣ እሷ እያየች አረሙ። ከዚያ በብዛት ተመርቶ ወደ ሱቆች ተላከ። ወደ ውጭ የሚጓዙ ሴቶችና የኪነት ሰዎች ለበሱት። በየመሥሪያ ቤቱ ያሉ ካድሬ ሴቶች አርአያ እንዲሆኑ ተጠየቁ። ያኔ «መጠየቅ» ማለት ምን እንደሆነ ሁሉም ያውቃል።

ያልተደረገውም መነገር አለበት። የሚለብሱትን ሴቶች አስተያየት በነፃነት የሰማ አልነበረም። ልጅ አዝላ ብስክሌት የምትነዳ የፋብሪካ ሠራተኛ ምን ትፈልጋለች ተብሎ አልተጀመረም። ቀሚሱ የተጀመረው ከታሪክ ሥዕልና ከአንዲት ሴት ምርጫ ነው።

ምን ሠራ? ምን አልሠራም?

በመድረክና በልዑካን ዘንድ ቀሚሱ ሠርቷል። የሚለብሰው ሰው ተመርጦ፣ ልብሱ በመንግሥት ወጪ ተሰጥቶ፣ ለተወሰነ ሰዓት የሚለበስ ከሆነ ትእዛዝ ይበቃል። በእኔ ግምት አንድ ሌላ ጥቅምም ሰጥቷል። የሊቀ መንበሩ ባለቤት ራሷ ቀሚስ ካወጣች፣ ቀሚስ የለበሰች ሴትን «ቡርዧ» ብሎ ለመክሰስ ይከብዳል።

ሱቅ ውስጥ ግን አልሸጥ አለ። ምክንያቶቹ ተደራራቢ ናቸው።

መጀመሪያ ዋጋው። ለተራ ሠራተኛ ደሞዝ አይቀመስም ነበር። ቅናሽ ቢደረግም ያው ነው። ሽንሽን ደግሞ ጨርቅ ይበላል፤ ኩፖን እየቆጠረ ለሚኖር ቤተሰብ ይህ ቀልድ አይደለም። በዚያው ብር ለልጆች ሸሚዝ ይሰፋል። በዚያ ላይ የዚያ ዘመን ሙሽሮች ከሚመኟቸው አራት ዕቃዎች አንዱ የልብስ ስፌት መኪና ነበር፤ ሌሎቹ ብስክሌት፣ የእጅ ሰዓትና ሬዲዮ ናቸው። የስፌት መኪና ያላት ሴት ጨርቅ ገዝታ እቤቷ ትሰፋለች። የተሰፋ ውድ ቀሚስ ለምን ትገዛለች?

ሁለተኛው አኗኗሩ ነው። በሰሜን ቻይና ቅዝቃዜው ረጅም ነው፤ ቀሚሱ የበጋ ልብስ ብቻ ይሆናል። ወደ ሥራ የሚኬደው በብስክሌት ነው። ፋብሪካ ውስጥ ማሽን አለ። እርሻ ላይ ጭቃ አለ። ሱሪ ከሃያ ዓመት በላይ የሴቶች ልብስ የሆነው ለመፈክር ብቻ ተብሎ አልነበረም፤ ስለሚመች ነው።

ሦስተኛው መልኩ ነው። ኮሌታው የቡድሃ መነኮሳትን ልብስ ይመስላል ተብሎ ተሾፈበት። ቅርፁ ለሁሉም ቁመና አልሆነም። ወጣቶቹ ያኔ የሚመኙት ሌላ ነገር ነበር። በኛ አገር ቴትሮን እንደምንለው ያለ፣ የማይጨማደድ፣ ቶሎ የሚደርቅ የሰው ሠራሽ ክር ሸሚዝ። መንግሥት በ1973 ፋብሪካዎችን ከውጭ ለመግዛት 4.3 ቢሊዮን ዶላር የሚደርስ ዕቅድ ሲያወጣ በውስጡ ትልልቅ የሰው ሠራሽ ክር ፋብሪካዎችም ነበሩ። ያ ሸሚዝ ያለ ምንም ቅስቀሳ ተወደደ። ኩፖን ይቆጥባል፣ ዓመታት ይቆያል፣ ያምራል።

አራተኛውን ከሁሉ በላይ አከብደዋለሁ። ፍርሃቱ ነው። ከሰባት ዓመት በፊት አንዲት ሴት በቀሚሷ ምክንያት በአደባባይ ተዋርዳለች። አሁን ያው ወገን «ቀሚስ ልበሱ» ይላል። የቻይና ሴቶች የ1956ቱን አበባ አይተዋል፣ የ1957ቱን ክስ አይተዋል፣ የ1967ቱን የፒንግ ፖንግ ኳስ ሐብልም አይተዋል። ነገ ነፋሱ ቢዞርስ? በዚህ ሁኔታ አስተዋይ ሰው የሚያደርገውን አደረጉ። ሰማያዊ ኮታቸውን ለብሰው ጠበቁ።

መጠበቃቸውም ልክ ነበር። ማኦ መስከረም 9 ቀን 1976 ሞተ፤ ጂያንግ ቺንግ በጥቅምት ታሰረች። በኋላ በወጣባት ዘመቻ እንደ ጥንቷ ንግሥት መሆን ትመኝ ነበር ተባለ፤ ቀሚሱም ለዚህ ማስረጃ ሆኖ ተጠቀሰ። ቀሚሱን የገዛች ሴት ካለች ለሁለተኛ ጊዜ የምትደብቀው ልብስ አገኘች ማለት ነው።

ከዚህ ጉዳይ የሚወሰድ

ልብስ ማስወለቅና ልብስ ማስወደድ በአንድ መሣሪያ አይሠሩም። ፍርሃት በ1966 ከመንገድ ላይ ጠባብ ሱሪንና ቺፓዎን በሳምንታት ውስጥ አጠፋ። ያው ፍርሃት በ1974 አንድ ቀሚስ መሸጥ አልቻለም። ዩኒፎርም ለመቀየር የሚያስብ መሥሪያ ቤትም ሆነ የባህል ልብስ «ለማዘመን» የሚነሳ ኮሚቴ ይህን ልዩነት ቢያጤነው ጥሩ ነው። በሥራ ሰዓት መልበስና እቤት ገዝቶ መልበስ ለየቅል ናቸው።

የጨርቁ ሒሳብ ከንድፉ መቅደም አለበት። በየትኛውም ዘመን የቻይናን ልብስ የሚያጠና ሰው ፖስተሮቹን ከማየቱ በፊት «ስንት ሜትር ጨርቅ? በስንት? ማን ይሰፋዋል?» ቢል ብዙ ነገር ይገለጥለታል። በ1983 መጨረሻ የጨርቅ ኩፖን ሲቀር ያ ሰማያዊ ባሕር በጥቂት ዓመታት ውስጥ ተበተነ። ከዚያ በፊት በ1970ዎቹ መጨረሻ ወጣቶች ቤልቦተም ሱሪ መልበስ ጀምረው ነበር። አለቆች ተቆጡ፣ ጋዜጦች ወቀሱ። ሱሪው ግን አልቆመም። በመጋቢት 1979 የፈረንሳዩ የልብስ ንድፍ ባለሙያ ፒየር ካርዳን ቤይጂንግ ላይ የልብስ ትርኢት ሲያሳይ አዳራሹ የተፈቀደው ለተመረጡ ሰዎች ብቻ ነበር።

የአንድን ሰው ስም የተሸከመ ልብስ ከሰውየው ጋር ይወድቃል ማለት እንችላለን? እዚህ ላይ መጠንቀቅ ያሻል። የዦንግሻን ኮትም የሰው ስም አለበት። ግን ሲስፋፋ ሱን ሞቷል፤ በ1949 የተሸነፉት ብሔርተኞችም፣ ያሸነፉት ኮሚኒስቶችም «የኛ ነው» ይሉታል። ርካሽ ጥጥም ውድ ሱፍም ይሆናል፤ የሰፈር ልብስ ሰፊም፣ በ1956 ከሻንጋይ ወደ ቤይጂንግ የተወሰዱት ታዋቂ ሰፊዎችም ይሠሩታል። ባለቤቱ ብዙ ነበር። የ1974ቱ ቀሚስ አንድ ባለቤት ብቻ ነበረው፤ እሷም በሕይወት ያለች፣ ጠላት ያላት፣ ሥልጣኗ የሚንገዳገድ ፖለቲከኛ ናት።

ደንብ የሚያገላብጥ መንግሥት ሰዎችን ጠባቂ ያደርጋቸዋል። ይህን ለማስተካከል አዲስ ቅስቀሳ አይጠቅምም። የሚጠቅመው ጊዜና ያለመቀጣት ልምድ ነው። ለዚህ ጥሩ ማነጻጸሪያ የ2001 ሻንጋይ ነው። በዚያ ዓመት ጥቅምት የእስያና የፓስፊክ አገሮች መሪዎች ተሰብስበው የቻይና የሐር ጃኬት ለብሰው ፎቶ ተነሱ። ማንም ማንንም አላዘዘም። በሚቀጥለው የቻይና አዲስ ዓመት ጃኬቱ በየገበያው ተሞላ፤ በየዋጋው፣ በየቀለሙ። ከሁለት ዓመት በኋላ በዠንግዡ ከተማ አንድ ተራ ሠራተኛ ከማንቹ ዘመን በፊት የነበረውን ልብስ ለብሶ መንገድ ላይ ወጣ፤ ከዚያ ወዲህ የወጣቶች እንቅስቃሴ ሆነ። ዛሬ በሻንዶንግ ክፍለ ሀገር የምትገኘው የሳዎ ወረዳ የጥንቱን ሽንሽን ጉርድ እየሰፋች በኢንተርኔት ለመላው አገሪቱ ትሸጣለች።

ጂያንግ ቺንግ በ1974 የፈለገችው ይህንኑ ነበር፤ ከማንቹ በፊት የነበረ መልክ፣ ተሻጋሪ ኮሌታ፣ ሽንሽን። አሁን ወጣት ሴቶች በገዛ ገንዘባቸው ይገዙታል፣ ለሠርግ፣ ለፎቶ፣ ለበዓል ይለብሱታል፤ ያልወደደችው ደግሞ ጂንስ ትለብሳለች።